በሴቶች የሆርሞን ምርመራና በኦቫሪ እርጅና ላይ ለተዘጋጀው ሥልጠና የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣
የተከበራችሁ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ሐኪሞች፣
ውድ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና አዋላጅ ነርሶች፣
ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች በሙሉ፤

ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራሉ። በዕድሜዋ ሙሉ የሚለቀቁት ከ400 እስከ 500 ያህል ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ እዚያው ይከስማሉ። የእንቁላል ክምችቱ ሲመናመን ኤኤምኤች የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፣ ኋላም ኤፍኤስኤች የተባለው ሆርሞን ከፍ ይላል። ይህ በጤነኛዋ ሴት ላይ የሚደርስ ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይደለም።

እነዚህን ሆርሞኖች ስንለካ ወደሚያጋጥመው ችግር ስመጣ፣ ወቀሳው በአብዛኛው የሚያርፈው በእኛ በላቦራቶሪ ባለሙያዎች ላይ ነው። «እዚህ ከፍ ያለው ውጤት እዚያ ዝቅ ይላል» እንባላለን። ድርሻችንን እንቀበላለን፤ የመሣሪያና የሪኤጀንት ልዩነት አለ። ነገር ግን የማዘዣ ወረቀቱን አብረን እንይ። ስም፣ ዕድሜ፣ ከሥሩ «ኤፍኤስኤች» ተብሎ ይመጣል፤ የታካሚዋ የወር አበባ መቼ እንደመጣ የሚገልጽ አንድም ቃል የለበትም። ኤፍኤስኤች የሚለካው የወር አበባ በመጣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ነው። እንቁላል ሊለቀቅ ሲል ሆርሞኑ ለአጭር ጊዜ ያሻቅባል። ደሟ ያን ዕለት ከተቀዳ፣ የ30 ዓመት ጤነኛ ሴት «እንቁላልሽ እያለቀ ነው» ተብላ ልትሸኝ ትችላለች። ይህ ቃል ትዳር ያናጋል!

ኤኤምኤች ቀን አይመርጥም፤ የወሊድ መከላከያ በምትጠቀም ሴት ላይ ግን ዝቅ ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆኑ ሴቶች ተከታትሎ፣ ኤኤምኤች ዝቅ ያለባቸው የማርገዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ እንዳላነሰ አሳይቷል። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ብቻ ሴትን አናስደንግጥ።

የሥልጠናው ዓላማ የባለሙያውን አቅም ማጎልበትና ቅንጅታዊ አሠራርን ማጠናከር ነው። የእኔ አደራ ግን አጭር ነው፦ ታካሚዋን የወር አበባዋ የመጣበትን ቀንና የምትጠቀመውን የወሊድ መከላከያ ጠይቃችሁ ማዘዣው ላይ ጻፉ። በዚህ አደራ ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ።