ርስት ሳይኖራቸው የተሰሙ አባቶች
(ለስግድ በዓል በሬዲዮ የተላለፈ ቃል)



በዚህ ቀን ስለ ርስት ጥቂት ልንነግራችሁ ወደድን። በስግድ በምናነበው በነህምያ መጽሐፍ፣ እርሻቸውንና ቤታቸውን በዕዳ ያስያዙ ድሆች ያሰሙት ጩኸት ተጽፏል፤ ነህምያም ባለጠጎችን ገሥጾ መሬታቸውን አስመለሰላቸው። እኛ ቤተ እስራኤል ያን ጩኸት እናውቀዋለን።

በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ አባቶቻችንን ድል ካደረገ ወዲህ፣ ሃይማኖቱን ያልለወጠ ከአባቱ ርስት ተነቀለ። ከዚያ በኋላ በጎንደር አውራጃዎች ብዙዎቻችን በሰው መሬት ጭሰኛ ሆነን አረስን፤ ከምርቱም ለባለ ርስቱ ከፈልን። አባቶች ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ እናቶችም ሸክላ ሠሩ። ማረሻውን የሚሠራው ሰው የራሱ ማሳ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጥቶ ጭሰኝነት ሲቀር፣ ከወገኖቻችን መሬት የደረሳቸው ነበሩ፤ ሆኖም የቀድሞዎቹ ባለ ርስቶች ቂም አልለቀቃቸውም።

ርስት ባይኖረንም ዳኝነት ነበረን። ጎረቤትና ጎረቤት በእርሻ ድንበር ሲጣሉ፣ ሽማግሎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሁለቱንም ቃል ይሰሙ ነበር። ከዚያም ድንበሩን በእግራቸው ሄደው ያዩታል፤ ቄሱም ኦሪት የባልንጀራን ወሰን መግፋት እንደምትከለክል ያስታውሳል። የበደለው ይክሳል፤ የተበደለውም ይቅር ይላል። እነዚያ ሽማግሎች ወታደርም ወህኒም አልነበራቸውም። ቃላቸው የጸናው መማለጃ ስለማይቀበሉና ለዘመድ ስለማያደሉ ነበር።

ዛሬ በዚህ አገር የመሬትና የቤት ነገር በመዝገብና በፍርድ ቤት ያልቃል። ስለዚህ አንዳንዶቻችን «ሽማግሌን የሚሰማ ጠፋ» እያልን እናዝናለን። ነገር ግን አባቶቻችን ስንዝር መሬት ሳይኖራቸው ተሰምተዋል። በወላጅ ቤት ውርስ ምክንያት ሰላምታ የተነፋፈጉ ወንድማማቾች በመካከላችን አሉ። ጠበቃ ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት እንጥራቸው፤ ሳናደላም እንስማቸው። የራሳችን ልጅ በዳይ ቢሆን፣ «በድለሃል» ለማለት አንፈር። ያን ጊዜ ልጆቻችን ደግመው ይጠሩናል።

በአገራችን ሳለን፣ በስግድ ቀን ራሳችንን ዝቅ ለማድረግ ድንጋይ ተሸክመን ወደ ተራራው እንወጣ ነበር። ዛሬም ቂማችንን እንደዚያ ድንጋይ ከተራራው ላይ አስቀምጠን እንመለስ።

እግዚአብሔር ጾማችንንና ምህላችንን ይቀበልልን፤ ለከርሞውም በሰላም ያድርሰን። አሜን።