የውስጡን ስለ ማሻሻል፥ የውጭውን ቃል ስለ መጠበቅ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል። ይህ አነጋገር ለመረጃ ቋት ሠሪዎችም ሕግ ሊሆን ይገባዋል እንላለን።

በመረጃ ቋት ውስጥ ያለ ማንኛውም ፈንክሽን ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የውጭው ነው፤ ይኸውም ስሙ፥ የሚቀበለው ነገርና የሚመልሰው ውጤት ነው። ሁለተኛው ሥራው የሚከናወንበት የውስጥ ስልት ነው። በውጭው ተማምነው ፕሮግራም የጻፉትን ሰዎች ሠሪው አያውቃቸውም፤ እነርሱም የውስጡን አያዩም። ስለዚህ የውስጡን ማሻሻል የሠሪው መብት ሲሆን፥ የውጭውን መጠበቅ ግዴታው ነው።

በእጅ ስልኮቻችን ውስጥ የሚሠራውን ኤስኪውላይትን እንመልከት። ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ጥያቄ የሚያዘጋጀውን ፈንክሽን ሲያሻሽሉ አሮጌውን አልሻሩም፤ አዲሱን በሌላ ስም በጎኑ አቆሙት። አሮጌውም እስከ ዛሬ ይጠራል። እንደዚሁም ዋና መለያ ቁልፍ ባዶ እንዳይሆን የሚከለክለው ደንብ ከጥንት በስሕተት ሳይጸና ቀርቶ ነበር። ማረሙ ነባር ፕሮግራሞችን እንዳያፈርስ ሰግተው ስሕተቱን በመመሪያቸው ገለጡ፤ በ2013 አዲስ ዓይነት ሠንጠረዥ ሲያወጡ ግን ትክክለኛውን ደንብ በእርሱ ላይ አጸኑ።

ፖስትግሬስም የፈንክሽንን ውስጥ በሌላ ለመተካት ይፈቅዳል፤ የሚመልሰውን ዓይነት በዚያው መንገድ ለመለወጥ ግን አይፈቅድም። ነገር ግን በ2008 የወጣው 8.3ኛው እትም ቁጥርንና ቀንን ሳይታዘዝ ወደ ጽሑፍ መለወጡን ተወ። ዓላማው የተሳሳተ ማወዳደርን ለማስቀረት ነበር፤ ሆኖም ቀድሞ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ጥያቄዎች በስሕተት ተመለሱ።

«እንግዲያስ ጉድለትን ለዘለዓለም እንሸከም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። መጀመሪያ፥ ቃል የገባነውንና ያልገባነውን ለይተን እንጻፍ። ቀጥሎ አዲሱን ከአሮጌው ጎን እናቁም። የአሮጌውን መሻር አስቀድመን አስታውቀን በቂ ጊዜ እንስጥ። ነባር ጥሪዎች የቀድሞውን ውጤት መስጠታቸውንም በየጊዜው እንፈትን።

ነገ የሆስፒታልን፥ የባንክን፥ የትምህርት ቤትን መዝገብ የምንሠራው እኛው ነን። ፈንክሽኑ በተለወጠ ጊዜ የሚጉላላው በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት የተሰለፈው ሰው ነው፤ እርሱም ምን እንደ ተለወጠ የሚነግረው የለም። ቃላችንን የምንጠብቀው ስለዚህ ሰው ነው።