ልደቱ ያልተጻፈ ዜማ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሐይቅና ከአምባሰል ለመጣን ተማሪዎች የተሰጠን ርእስ በሙዚቃ ታሪክ የሚታሰቡ ዓመታት የሚል ነው። በውጭው ዓለም የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች እነዚህን ዓመታት እንደ ንግሥ በዓል ይቈጥሯቸዋል። በአሜሪካ ዉድስቶክ የተባለው የሙዚቃ ጉባኤ ነሐሴ 9 ቀን 1961 ዓ.ም. ተከፍቶ ወደ 400 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ሰበሰበ፤ እስከ ዛሬም ዓመቱ በደረሰ ቍጥር ይወሳል።

በአገራችንም የሚቈጠር ሞልቷል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ ያገኟቸው አርባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ፤ ይህም መቶ ዓመት አልፎታል። ዉድስቶክ በተደረገበት በዚያው በፈረንጆቹ 1969 ደግሞ ዐምሃ እሸቴ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳተመ። ሸክላ የማሳተሙ መብት በዐዋጅ የሀገር ፍቅር ብቻ ሳለ ይህን የደፈረው ሰው፥ ዕድሜው ከእኛ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎች አወጣ። በ1997 መውጣት የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ስብስብ ዓለምን ያስደነቀው ሸክላው ተጠብቆ ስለ ቈየ ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ የአምባሰል ልደት መቼ ነው?

አምባሰል ከትዝታ፥ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። አምስት ድምፅ አለው፤ ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ይወጣል፥ ሁለት ድምፅ ይዘላል፥ አንድ ድምፅ ይጨምራል፥ ደግሞ ግማሽ ይወጣል፥ በመጨረሻም ሁለት ድምፅ ዘሎ ወደ ቤቱ ይገባል። የሮክ ጊታር መቺዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበትም ስልት አምስት ድምፅ አለው፤ ነገር ግን ግማሽ ድምፅ የለበትም። የአምባሰልን ጠባይ የሚሰጡት እነዚያ ሁለት ጠባብ እርምጃዎችና ከእነርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሰፊ ዝላይ ናቸው። ይህን ያህል የታወቀ ዜማ ግን የልደት ቀን የለውም። ቀን ያለው ሸክላው እንጂ ዜማው አይደለምና፥ ዓመት እየቈጠርን የምናከብረው የተቀረጸውን ብቻ ነው።

አንዳንዶች «ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን በመላው አገር አሰምታ የለምን?» ይሉናል። እውነት ነው፥ ምስጋናም ይገባታል። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ድምፅ፥ የቱንም ያህል ቢያምር፥ የየመንደሩን አዝማሪ፥ የእረኛውንና የሙሾ አውራጇን ድምፅ ሊተካ አይችልም። ከእነዚህ አንዱ ባረፈ ቍጥር ከእርሱ ጋር የሚቀበረውን ማንም አይመዘግበውም።

መመዝገብ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር ነው የሚልም አይኑር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌል የተሰጠበት ዘመን ተጽፎበት እስከ እኛ ደርሷል። አባቶቻችን ለመጽሐፍ ያደረጉትን እኛ ለዜማው ብናደርግ ምን ይከብደናል?

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ ቢያንስ አንድ አረጋዊ ዘፋኝ ወይም መሰንቆ መቺ በስልካችን እንቅረጽ። አስቀድመን ፈቃዳቸውን እንጠይቅ፤ ስማቸውን፥ መንደራቸውን፥ ቅኝቱን፥ ዜማውን ከማን እንደ ተማሩና የተቀረጸበትን ቀን እንጻፍ። አንዱን ቅጂ ለቤተ ሰባቸው፥ ሌላውን ለቤተ መጻሕፍታችን እንስጥ። መምህራኖቻችንም የሚቀመጥበትን ቦታ እንዲያስፈቅዱልን በአክብሮት እንለምናለን።

የዐምሃ እሸቴ ዘመን ወጣቶች ሸክላ ለማሳተም ገንዘብም ድፍረትም ያስፈልጋቸው ነበር። ለእኛ መሣሪያው በኪሳችን ነው፤ የቀረን መነሣት ብቻ ነው። አረጋውያኑ ግን እስክንነሣ አይጠብቁንም።