«ሻል» እና «ሜይ»
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ ጥቂት ለመናገር ስነሣ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ግሷ «ሻል» ትባላለች። በሰዋስው ትምህርት የምናውቃት «እኔ» እና «እኛ» ከሚሉት ጋር ገብታ የወደፊቱን ጊዜ ስታመለክት ነው። በሕግ ጽሑፍ ግን ጠባይዋ ይለወጣል። ተከራይ ኪራይ እንዲከፍል በሚያዝ ውል ውስጥ ብትገኝ፥ መክፈል ግዴታው ነው ማለት ነው። ጎረቤቷ «ሜይ» ደግሞ ፈቃድ ናት፤ ሰውዬው ቢወድ ያደርጋል፥ ባይወድ ይተዋል። (እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ራሳቸው «ሻል» ግራ ስለምታጋባቸው ዛሬ ብዙዎቹ ሕግ አርቃቂዎች በእርሷ ፈንታ «መስት» ይጽፋሉ።)

እኔ ልዩነቱን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አጎቴ ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች የእንግዶችን ጓዝ በበቅሎ ይጭናሉ። ባለፈው ዓመት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ይዘው መጥተው «አንተ የተማርህ ነህና አንብብልኝ» አሉኝ። ዝናብ መንገድ ቢዘጋ፥ በቅሎዎቹ ለሚቆሙበት ቀን የሚከፈለው ገንዘብ በ«ሜይ» ተጽፎ ነበር። እኔ በችኮላ «ይከፍሉዎታል» ብዬ ተረጐምሁላቸው። አምነው አውራ ጣታቸውን አተሙ። ሦስት ቀን በዝናብ ታግደው አንድ ሳንቲም ሳያገኙ ተመለሱ። ውሉ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አጎቴ አልወቀሱኝም፤ ያ ደግሞ ይባስ ከበደኝ።

በአገራችን ታሪክ ከዚህ እጅግ የከፋ የግስ ጠብ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፥ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ይህ የ«ሜይ» ወገን ነው። የኢጣልያንኛው ግስ ግን ይህን ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ነበር። ሮማም ቃሉን እንደ ግዴታ ቈጥራ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደ ሆነች ለኤውሮጳ አስታወቀች። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። የጠቡ ምክንያት ቃል ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ የመሬት ምኞትም ነበረበት። ነገር ግን ውሉ እስከ መጨረሻው የተሠረዘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደም ከፈሰሰ በኋላ፥ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የሰላም ውል ነው።

ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ ቅጂ አማርኛው ነው። የበቅሎ ጭነት ውል ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም።

ዘንድሮ አጎቴ አዲስ ውል አመጡ። ሁለት ጊዜ አንብቤ «ሜይ» የምትለዋን በእርሳስ ከበብሁላቸው። «ይህችን ቃል ካልለወጡልኝ አልጭንም» ብለው ወረቀቱን ይዘው ወረዱ። መልሱን እየጠበቅን ነው።