የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ሮንዴላ፤ አመራረጡና አገባቡ



ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚያመራ ሞተር ሳይክል በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉና። ሞተሩ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ እየጋለ ይወጣና ጦሳ ተራራ ሥር ሲቆም በደጋው ብርድ ይቀዘቅዛል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ዘይቱ ሳይፈስ እንዲቆይ የሚያደርገው ዕቃ ከአንድ ብር ሳንቲም የሚያንስ የብረታ ብረት ቀለበት ነው። በጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያንኛ በተወረሰው ስሙ ሮንዴላ ይባላል።

ነገሩ እንደ ዕቃው ትንሽ አይደለም። የአንድ አነስተኛ ሞተር ሳይክል ሞተር የሚይዘው ዘይት ብዙውን ጊዜ አንድ ሊትር ያህል ብቻ ነው። በትልቅ መኪና ላይ ቸል ሊባል የሚችል ጠብታ እዚህ በጥቂት ቀናት ሞተሩን ለመንከስ ያበቃዋል። ከዚህም የከፋ አለ። ማፍሰሻው የሚገኘው ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ነው። የሚንጠባጠበውን ዘይት ንፋስ ወደ ጎማው ከወሰደው፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ወደ ኩታበር፣ ወደ ተሁለደሬና ወደ ቃሉ ገጠር የሚወጡ የጤናና የግብርና ባለሙያዎችም ብዙ ጊዜ የሚጓዙት በዚሁ ተሽከርካሪ ነው።

በመጀመሪያ መታረም የሚገባው አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ዘይቱን የሚያግደው የቡሎኑ ጥርስ ነው የሚለው ነው። የቡሎኑ ጥርስ ቀጥ ያለ እንጂ ወደ ጫፉ የሚቀጥን ስላልሆነ በጥርሱ መካከል ዘይት ማለፉ አይቀርም። የጥርሱ ተግባር መጨበጥ ነው፤ የሚያሽገው ግን በቡሎኑ ራስና በሞተሩ አካል መካከል የሚቀመጠው ሮንዴላ ነው። በጥርሱ ላይ የቧንቧ ፕላስተር መጠምጠም ወይም ሲሊኮን መቀባት ስለዚህ መፍትሔ አይሆንም። እንዲያውም የሲሊኮኑ ቁራጭ ወደ ውስጥ ገብቶ የዘይት ማጣሪያውን ሊደፍን ይችላል።

ሮንዴላው ሥራውን የሚሠራው ራሱ ተጨፍልቆ የሁለቱን ገጾች ጥቃቅን ጭረት በመሙላት ነው። በመሆኑም ከብረቱ ቡሎንም ከአሉሚኒየሙ የሞተር አካልም የለሰለሰ መሆን ይገባዋል። ከብረት የተሠራ ተራ የቡሎን ሮንዴላ ይህን አያሟላም፤ አይጨፈለቅም፣ የሞተሩንም ገጽ ይቧጭራል። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት መዳብና ለስላሳ አሉሚኒየም ናቸው።

ሙቀት ሲመጣ እያንዳንዱ ብረት የሚለጠጠው በየራሱ መጠን ነው። በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብረት 12፣ መዳብ 17፣ አሉሚኒየም 23 ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣል። ዳገት ሲወጣ በቡሎኑ ላይ ያለው ጫና የሚጨምረው፣ ሲበርድም የሚቀንሰው ከዚህ የተነሣ ነው። ለስላሳ ሮንዴላ በዚህ ለውጥ ውስጥ ከገጾቹ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። የደነደነው ግን ክፍተት ይተዋል። አሉሚኒየም ከሞተሩ አካል ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ በጭቃና በእርጥበት ምክንያት የሚመጣውን መበላላት አያስከትልም። በአንጻሩ አገልግሎቱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

መዳብ ሲጨፈለቅ ይደነድናል፤ ሆኖም በእሳት ሊለዝብ ይችላል። ጥላ ባለበት ቦታ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ድረስ ማጋልና በውኃ ማቀዝቀዝ ይበቃል። ብረት እንዲህ ቢደረግ ይጠነክራል፤ መዳብ ግን ይለሰልሳል። በአሉሚኒየም ላይ ይህን መሞከር አይገባም። በ660 ዲግሪ የሚቀልጥ ሲሆን ከመቅለጡ በፊት ዓይን የሚለየው መቅላት አያሳይም። የለዘበው መዳብም ጠርዙ የተጎዳ ወይም እጅግ የሳሳ ከሆነ መጣል አለበት። አዲስ ሮንዴላ ከተገኘ ግን ምን ጊዜም የሚመረጠው አዲሱ ነው።

ልኩን በሚመለከት፣ 12 ሚሊሜትር ለሆነ ቡሎን የሮንዴላው ቀዳዳ 12 ሚሊሜትርን በጥቂቱ ብቻ የሚያልፍ መሆን አለበት። ሰፊ ከሆነ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ውፍረቱ ከቀድሞው ጋር በካሊፐር ይነጻጸር። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አንድ ስሕተት አለ፤ አሮጌው ሮንዴላ በሞተሩ አካል ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሳይታይ አዲሱ ይደረብበታል። ያን ጊዜ መታሸግ ያለባቸው ገጾች ሁለት መሆናቸው ቀርቶ ሦስት ይሆናሉ። ስለዚህ ገጹ በጨርቅ ተጠርጎ በጣት ይዳሰስ።

በመጨረሻም ኃይልን በተመለከተ፣ ማፍሰሻው ሲንጠባጠብ ብዙዎች የሚቸኩሉት አጥብቆ ለማሰር ነው። የሞተሩ መመሪያ 25 ኒውተን ሜትር ካዘዘ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ላይ የሚያስፈልገው ግፊት 125 ኒውተን፣ ማለትም 13 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነው። በመፍቻው ላይ ቧንቧ ተሰክቶ ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ያው እጅ 62.5 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። የአሉሚኒየሙ ጥርስ የሚላጠው በዚህ ጊዜ ነው። ሮንዴላ ከመለወጥ የሸሸ ባለ ንብረት ሞተሩን አስፈትቶ ቶርኖ ቤት ለመሄድ ይገደዳል።

እንግዲህ ከሙያው ባለቤቶች የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ዘይት በሚወጣበት ጊዜ ሮንዴላውም በልኩ አብሮ ከግምጃ ቤት ይውጣ፤ በጥገና ቅጹ ላይም የራሱ መስመር ይኑረው። ለጀማሪ መካኒኮች ሲያስተምሩም የሚያንጠባጥብ ቡሎን ከመጥበቁ በፊት ፈትቶ ሮንዴላውን ማየት እንደሚቀድም ይንገሯቸው። ዳገቱን የወጣ ሰው ቁልቁለቱንም በደኅና እንዲወርድ ይህን ያህል ጥንቃቄ ይገባዋል።