ገንዳው ስንት ዓሣ ይችላል?

ከኮሶዬ፣ ከዳባትና ከደባርቅ አድማጮቼ አንድ ጥያቄ ቃሉን እየለወጠ ደጋግሞ ስለ መጣብኝ፣ የዛሬውን ወጌን ለእርሱ ብቻ ላውለው ቆርጫለሁ። ጠያቂዎቹ አንዱ በቤቱ ሳሎን፣ ሌላዋ በእንግዳ ማረፊያዋ መግቢያ የመስታወት ገንዳ አቁመው ወርቃማ ዓሣ ሊያኖሩበት የሚሹ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚሉኝ «ገንዳዬ ስንት ዓሣ ይችላል?» ነው። ባለ ማረፊያዋማ «እንግዳ ሲገባ ባዶ እንዳይመስል ሃያ ያህል ባደርግስ?» ብላ ጽፋልኛለች። እመቤቴ፣ ዓሦቹ የግድግዳ ሥዕል ቢሆኑ ኖሮ ሃያም አርባም ማለት በተቻለ ነበር፤ ነገር ግን በዕለተ ሐሙስ የተፈጠሩ፣ ደመ ነፍስ ያላቸው ፍጥረታት ናቸውና ይበላሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ይጸዳዳሉም።

ገንዳው የሚይዘው ውኃን ነው፤ ዓሣን የሚይዘው ግን ውኃው ነው። ዓሣ ከበላው ምግብ የሚመነጨውን አሞኒያ የተባለ መርዝ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ይለቅቃል፤ በጣና ወይም በወራጅ ወንዝ ይህ መርዝ ተበትኖ ሲጠፋ፣ በመስታወት በታጠረ ውኃ ግን ከዓሣው ጋር አብሮ ይኖራል። ይህንን የሚያጠሩት በጠጠሩና በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚራቡ፣ ለዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ አንደኞቹ አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል፣ እርሱም ራሱ መርዝ ወደ ሆነ ነገር፣ ሁለተኞቹ ደግሞ ያንን ናይትሬት ወደሚባል ጉዳቱ ወደ ቀለለ ነገር ይለውጡታል፤ የቀረውን እኛ ውኃውን በከፊል እየቀየርን እናወጣዋለን። እነዚህ ደቂቃን ሠራተኞች ተራብተው ለሥራቸው እስኪበቁ በሞቀ ውኃ እንኳ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል፤ እንደ እኛ ባለ ብርዳም አገር ደግሞ ይበልጥ ይዘገያሉ። እንግዲህ ገንዳውን ዛሬ ሞልቶ ነገ ሃያ ዓሣ የሚጨምርበት ሰው፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ዓሦቹን ሞተው ተንሳፍፈው ባገኛቸው ጊዜ «የሰው ዓይን በላብኝ» ሲል እሰማዋለሁ። የሰው ዓይን ምን አደረገ? በመርዝ ያፈናቸው የገዛ እጁ ነው!

ይህ ነገር ለስሜን ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በአንድ መስክ ላይ ስንት በግ እንደሚሰማራ የሚወስነው የመስኩ ስፋት ብቻ ሳይሆን፣ ሣሩ ተግጦ መልሶ የሚያቆጠቁጥበት ፍጥነት መሆኑን እረኛ ሁሉ ያውቃል፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ከገባ በኋላ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ከተጻፈባቸውና እስከ 2017 በዚያው ከቆየባቸው ምክንያቶች አንዱ የግጦሹ ብዛት ነበር። በገንዳውም ቢሆን የሚቆጠረው ባዶ የሚታየው ቦታ ሳይሆን፣ ውኃው ዕለት ዕለት አጥርቶ ሊጨርሰው የሚችለው እድፍ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ለአንድ ሳንቲ ሜትር ዓሣ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ውኃ» የሚለውን የተለመደ ሒሳብ ጠቅሳችሁ ተከራክራችሁኛል። ሒሳቡ ጀማሪን ከድፍረት ስለሚያግድ አልንቀውም፤ ዳሩ ግን ርዝመትን እንጂ ሰውነትን አይመዝንም። ባለ አሥር ሳንቲ ሜትሩ ዓሣ ከባለ አምስቱ በርዝመት እጥፍ ቢሆን፣ በክብደት ግን ስምንት እጥፍ ያህል ነው፤ የሚበላውና የሚያቆሽሸውም እንዲሁ ከእጥፍ እጅግ ያልፋል። ደግሞም የሚለካው ዛሬ በፕላስቲክ ከረጢት ተቋጥሮ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ጣት የምታህለው ጫጩት ሳትሆን ነገ የምትደርስበት ቁመት ነው፤ ወርቃማ ዓሣ ከሃያ ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ዕድሜውም በመልካም አያያዝ ከአሥር ዓመት ያልፋል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሒሳቡን የጻፉት ሰዎች ደባርቅን አለማሰባቸው ነው። ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚያ ምድር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ውኃ ከአየር የሚቀበለው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ያለ ውኃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ሲይዝ፣ በእናንተ ዘንድ 6 ተኩል ቢደርስ ነው። ብርዱ ግን በዚህ ረገድ ወዳጃችሁ ነው፤ ውኃው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ መጠኑ ወደ 8 ይጠጋልና። ስለዚህ በማሞቂያ ካልሆነ የማይኖረውን ጋፒ የተባለ ዓሣ ትታችሁ፣ ብርድ የሚችለውን ወርቃማ ዓሣ መምረጣችሁ ማለፊያ ነው፤ ቁጥሩን ግን ከተለመደው ሒሳብ በታች አድርጉት። በከፍታ አገር ያለ ውኃ ትንፋሹ አጭር ነውና፣ ብዙ ሸክም አይጫንበት።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። የገንዳውን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ1,000 ብታካፍሉ ሊትሩን ታገኛላችሁ፤ 60 በ30 በ30 የሆነው 54 ሊትር ነው፤ ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ባዶ ሲቀነስ 45 ያህል ይቀራል። ለዚህ ሁለት ታዳጊ ወርቃማ ዓሣ ይበቃል፤ እነርሱም ሲያድጉ ሰፋ ያለ ገንዳ ይሻሉ። «ሁለት ብቻ?» የምትሉኝ እንደሆነ፣ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የሎንዶን ኬሚስት ውኃ፣ ተክልና እንስሳ በአንድ ዕቃ ውስጥ እርስ በርስ ተደጋግፈው መኖር መቻላቸውን በፈረንጆች 1850 ባሳተመው ጽሑፍ ሲያስረዳ፣ በመስታወት ዕቃው ያኖረው ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችን፣ የውኃ ሣርንና የሚረግፈውን ቅጠል የሚበሉ ቀንድ አውጣዎችን ነበር። የሳይንስ ሰው በሁለት ዓሣ ካልተሳቀቀ፣ የእንግዳ ማረፊያ በሁለት ዓሣ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሰዓቱ እየገፋ፣ ቴክኒሺያኑም በስቱዲዮው መስታወት ማዶ እጁን እያወዛወዘብኝ ስለሆነ የቀረውን በሩጫ ልበለው። አየር ወደ ውኃው የሚገባው በላዩ ገጽ ነውና፣ ገንዳ ስትገዙ ሰፊውን እንጂ ቁመተ ረጅሙን አትምረጡ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ጥቂት ዓሣ ያለበት ውኃ እስኪመለስ ይታገሣል፣ የተጨናነቀው ግን ላይነጋለት ይችላል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲለቅ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ይደር፤ የፊልተሩን ስፖንጅም ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ እንጂ በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፣ ሠራተኞቹን ባክቴሪያዎች ትገድሏቸዋላችሁና። በየሳምንቱ ሩቡን ውኃ ቀይሩ። ምግቡንም በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ፤ ልጆች ስለ ወደዱ ብቻ ቀኑን ሙሉ እህል የሚበተንበት ገንዳ አይቻለሁ፣ ደስ አላለኝም።

ለባለ ማረፊያዋ መልሴ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ዓሦች በደኅና ከከረሙና እርስዎም ሰፊ ገንዳ ከገዙ በኋላ ስለ ሦስተኛው ይጻፉልኝ። አስቀድማችሁ ብዙ የገዛችሁ ደግሞ የተረፋችሁን ገንዳ ላለው ጎረቤት ስጡ እንጂ፣ አደራችሁን፣ ወንዝም ሆነ ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ፤ ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው፤ ከውጭ የመጣ ዓሣ አንድ ጊዜ ከተራባበት ደግሞ ለቅሞ የሚያወጣው የለም።