የመድኃኒት ረጪ ፈታኝ ማን ይሁን?

(በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል። መልካም ነው። ነገር ግን የተመዘገበውም ቢሆን የማያውቅ ሰው ጀርባ ላይ ከወጣ መርዝ ነው። ስለዚህ ረጪ ሠልጥኖ፣ ተፈትኖ ወረቀት ይያዝ ይባላል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ረጪውን ስለሚፈትነው ሰው ነው፤ ወረቀቱ የሚታመነው ፈታኙ የታመነውን ያህል ነውና።

ፈታኝ መሆን የሚሻ ሰው በመጀመሪያ ራሱ መርጫ ተሸክሞ የሚያውቅ ይሁን። በአገራችን የሙያ ብቃት ምዘና አሠራር ያሠለጠነ ሰው የራሱን ሠልጣኝ አይመዝንም። ይህ ለእኛም ይበጀናል፤ አማቹን፣ የዕድር ጓደኛውን ፈትኖ «ወድቀሃል» ማለት ለማንም ቀላል አይደለምና ፈታኙ ከሌላ ቀበሌ ቢመጣ ይሻላል።

ፈተናውስ? ጥያቄ በቃል ብቻ መጠየቅ አይበቃም። መርጫውን በንጹሕ ውሃ ያስሞላውና አሥር ሜትር በአሥር ሜትር መሬት ያስረጨው። ሁለት ሊትር ከፈጀ ለሄክታር 200 ሊትር፣ ማለትም 20 ሊትር በሚይዝ መርጫ አሥር ሙሌት ነው። መለያው ላይ ለሄክታር አንድ ሊትር መድኃኒት ከተባለ ለአንድ ሙሌት 100 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። ይህን አስልቶ ሳያውቅ በቆርኪ የሚገምት አላለፈም። ማንበብ የማይችል ደግሞ ቀለሙን ይወቅ፤ ቀይ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከዚያ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ ይቀንሳል። አረንጓዴም ቢሆን አይጠጣም!

አንድ ጥያቄ በተለይ አይቅር፦ «እንሰት አጠውልጎ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ አወጣ። ምን ትረጫለህ?» ብዙዎች የመድኃኒት ስም ይጠራሉ። ትክክለኛው መልስ «ምንም» ነው። ይህ በሽታ በመርጨት አይድንም፤ ተነቅሎ ይቀበራል፣ ቢላዋውም በእሳት ይነጻል። መቼ እንደማይረጭ የማያውቅ ሰው ገንዘብ ያስጨርሰናል፣ እንሰቱንም አያድን።

ቡናችንንስ? በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ገበያው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ያኔ ጆንያው ሳይቀር ተጠርጥሯል። እንግዲህ ፈታኙ «መድኃኒቱን የት ታስቀምጣለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ቡና ካለበት ጎተራ የሚያስቀምጥ፣ በመድኃኒት ጆንያ ቡና የሚሞላ ይውደቅ።

መጨረሻ ላይ ባዶውን ዕቃ ይስጠው። ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን መልሶ ወደ መርጫው መጨመር አለበት፤ ከዚያ ዕቃውን ይብሳው፣ ማንም ዘይት ወይም ውሃ እንዳይቀዳበት። ይህን ሳያደርግ ወረቀት የሚጠይቅ ሁሉ፣ ወንድሜም ቢሆን፣ ሌላ ቀን ተመልሶ ይምጣ።